የመጀመሪያውን ካሜራ ለሚገዛ ወጣት

«ፎቶግራፍ» የሚለው ቃል ከጽርእ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜውም በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። በአገራችን በብርሃን ይጽፉ የነበሩት ሰዎች በመጀመሪያው ዘመን እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ከእርሱም በኋላ ሙያውን የወረሱት ልጆቹ ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል ስማቸው የሚነሣ ነው። ዛሬ ግን የእጅ ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ሥራ በያዘ በዓመቱ የዕቁብ ዕጣ የወጣለት ወጣት፣ ወይም ከኪሱ ገንዘብ ጥቂት ጥቂት ያጠራቀመ ተማሪ፣ «አንድ ደኅና ካሜራ ልግዛ» ብሎ ቢነሣ የሚያስነቅፈው ነገር የለም። የሚያሳስበው ገንዘቡ ነው። ይህ ገንዘብ የቤት ኪራይም ለወላጅ የሚላከውም ተቀንሶለት የተረፈ ስለሆነ፣ በከንቱ ከጠፋ ቶሎ የሚተካ አይደለም። ከሠርግና ከምርቃት ፎቶግራፍ ገንዘብ አገኛለሁ ብሎ ተበድሮ መግዛትንም በበኩሌ አልመክርም፤ ገበያው ከቀደሙት ባለሙያዎች ጋር የሚያጋፋ ነውና ዕዳው ከደንበኛው ቀድሞ ይደርሳል።

ገዢውን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያታልለው «ሜጋፒክስል» የሚባለው ቁጥር ነው። በሱቅ መስኮት ላይ «20 ሜጋፒክስል» ተብሎ በትልቁ የተጻፈባት ትንሽ አዲስ ካሜራ ዓይን ትስባለች። ነገር ግን በአሥር በአሥራ አምስት ሴንቲሜትር ወረቀት ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ለማተም ሁለት ሜጋፒክስል ያህል ይበቃል፤ ስድስት ሜጋፒክስል ደግሞ ወርዱ 25 ሴንቲሜትር ለሆነ ሥዕል ይደርሳል። ቁም ነገሩ ያለው ብርሃኑን በሚቀበለው ሴንሰር ስፋት ላይ ነው። በእነዚያ ትንንሽ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ሴንሰር ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊሜትር በ4.6 ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን፣ መስተዋት ባላቸው የካኖን መለስተኛ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ግን 22 በ15 ሚሊሜትር ያህል ነው። ስፋቱ ከአሥር እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ርካሽዋን ትንሽ ካሜራ ከመግዛት ይልቅ በያዙት ስልክ መቆየት ይሻላል፤ በብዙ ነገር ከስልኩ አትበልጥምና።

ታዲያ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው ምን ይግዛ? መልሴ አጭር ነው፤ ያገለገለ ባለ መስተዋት ካሜራ ይግዛ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ2018 ዓ.ም. ወዲህ ካኖንም ኒኮንም መስተዋት ወደሌላቸው ካሜራዎች ፊታቸውን ስላዞሩ፣ ባለጸጎቹ የቀድሞውን እየሸጡ አዲሱን ይገዛሉ። የባለጸጋ ፋሽን መለወጥ ለተማሪ በረከት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ካሜራው ግን ፋሽኑ ስላለፈ ሥራውን አልረሳም።

ዳሩ ግን አሮጌውን ሁሉ መግዛት አይገባም። ለምሳሌ ከካኖን ወገን 350ዲና 400ዲ የተባሉት የሚወስዱት ሲኤፍ የተባለውን ወፍራም ካርድ ሲሆን፣ በ2008 ከወጣው ከ450ዲ ጀምሮ ግን በየሱቁ የሚገኘውን ኤስዲ ካርድ ይቀበላሉ። ከኒኮን ወገን ዲ40ን፣ ዲ3100ንና ዲ5100ን የመሳሰሉት ሌንሱን የሚያንቀሳቅስ ሞተር በውስጣቸው የላቸውም፤ ሞተር በሌለው አሮጌ ሌንስ ላይ ትኩረቱን ገዢው ራሱ በእጁ እያዞረ ማስተካከል ይኖርበታል። ዲ90ና ዲ7000 ሞተር አላቸው። ይህን ሳያውቅ ሌንስ በርካሽ አገኘሁ ብሎ የሚደሰት ሰው ደስታው ቤቱ እስኪገባ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ገንዘቡን ሁሉ በካሜራው ላይ አለመጨረስ ነው። ከአሥር እጅ ስድስቱን ለካሜራው፣ የቀረውን ለሌንስ፣ ለትርፍ ባትሪና ለካርድ ቢመድብ ደግ ነው። ከካሜራው ጋር የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚደርሰው ሌንስ ለቀን ብርሃን ይበቃል። ማታ በአንድ አምፖል ብርሃን ቡና ሲፈላ ለማንሣት ግን ይቸገራል። የካኖን 50 ሚሊሜትር ባለ 1.8 ሌንስ፣ ወይም የኒኮን 35 ሚሊሜትር ባለ 1.8 ሌንስ፣ ያኛው ሌንስ በረጅሙ በኩል ሲሳብ ከሚያስገባው ብርሃን አሥር እጥፍ ያህል ያስገባል። ሃምሳው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰውን ከወገብ በላይ ብቻ ስለሚያሳይ ለቤተ ሰብ ሰላሳ አምስቱ ይመቻል።

የራሱን ልክ የመቀበል ሥልጣን ለአንሺው የሚሰጥ ካሜራ ያስፈልጋል ስንል ምክንያት አለን። ካሜራ የተሠራው የሚያየው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንደሆነ አድርጎ እንዲገምት ነው። እናት በጥምቀት ቀን ነጭ ነጠላ ለብሳ ፀሐይ ላይ ብትቆም፣ ካሜራው የነጩን ብዛት አይቶ ብርሃኑን ይቀንሳል። ነጠላው አመድ ይመስላል፤ ጠይም ፊቷም ዓይኗ እስከማይለይ ድረስ ይጨልማል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ካሜራው መጥፎ ነው» ይላል። መድኃኒቱ ግን የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭኖ ወደ መደመሩ አንድ ደረጃ መጨመር ነው። በቀትርም ፀሐይ ከአናት ላይ ስለምትሆን የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፤ እናትን ወደ በረንዳ ጥላ ማስጠጋት ከማናቸውም ውድ ሌንስ ይበልጣል።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። ገዢው የራሱን ካርድና የኪስ ባትሪ ይዞ ይሂድ። ባትሪውን በሌንሱ ጀርባ በኩል አብርቶ ቢመለከት የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ካለ ይታየዋል፤ ካለም ሌንሱን ይተወው። ከዚያ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ 16 አጥብቦ ጥርት ያለውን ሰማይ ያንሣ፤ ነጠብጣብ ቢታይ ትቢያ ነው፤ ይጠረጋል፤ ነገር ግን ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል። መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደተተኮሰም ይጠይቅ፤ ለመለስተኛ ካሜራ እስከ 100,000 ጊዜ ያህል እንደሚሠራ ይገመታል። ኒኮን ይህን ቁጥር በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ፋይል ውስጥ ስለሚጽፈው በኮምፒውተር ማየት ይቻላል፤ በካኖን መለስተኞች ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሻጩ «ትንሽ ነው የሠራው» ቢል፣ የተላጨውን እጀታና የተፋቀውን ቁልፍ መመልከት ከመሐላው የበለጠ ያስረዳል። ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ በኩል የሚያስመጣ ሰው ደግሞ የባትሪ መሙያው አብሮ መኖሩን አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ ተረስቶ ከቀረ ካሜራው የመደርደሪያ ጌጥ ነው።

ካሜራው ከተገዛ በኋላ የሚያስፈራው ክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ በቆዳ ቦርሳ ተዘግቶ የተቀመጠ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል። ከቦርሳው አውጥቶ ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትንም ትናንሽ እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሳይጥሉ ከሌንሱ አጠገብ ማኖር ይበቃል።