አዋሽን ተከትሎ በእግር

አዋሽ እንደ ዓባይ ባሕር አይገባም። ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ይነሳል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና በአፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ሐይቁ በጅቡቲ ድንበር ላይ፣ የጭነት መኪናዎች ከሚያልፉባት ከገላፊ በስተደቡብ ይገኛል።

በረሃ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አሸዋና ድንጋይ ብቻ ነው። ነገር ግን ወንዙ በሚያልፍበት ሁሉ ዛፍ አለ። እንግዲህ በአዋሽ ከተማ አጠገብ ካለው ከአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተነስተን ወንዙን ተከትለን ቁልቁል ብንሄድ ምን እናያለን?

ጉዞው በማለዳ ነው። ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ ሰውም አውሬም ጥላ ይፈልጋል። ውሃ እንይዛለን፤ አገሩን የሚያውቅ ሰው ከፊት ይመራናል። ጠማን ብለን ዘው ብለን ወንዝ ዳር አንወርድም። አዋሽ አዞ አለበት!

መጀመሪያ የምናገኘው ግራርን ነው። አናቱ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ነው። ቅጠሉ ለምን እንዲህ ደቀቀ? ሰፊ ቅጠል ብዙ ውሃ ያተናል፤ ደቃቅ ቅጠል ግን ይቆጥባል። እሾሁ ደግሞ አጥሩ ነው። ታዲያ ግመልና ፍየል አጥር አያግዳቸውም፤ በእሾሁ መካከል ቅጠሉን ይለቅማሉ። ፍሬው ደርቆ ሲረግፍ ሣር በጠፋበት ወራት መኖ ይሆናል።

ወደ ውሃው ስንጠጋ ዛፉ ይለወጣል። ሾላ ይመጣል፤ ሮቃ ይመጣል። ሾላን ደጋም ላይ እናውቀዋለን፤ እሱ ባለበት ውሃ ብዙ አይርቅም። ቀና ብለን ቅርንጫፉን እንይ። ጥቁርና ነጭ ጠጉር፣ ረጅም ጅራት ካየን ጉሬዛ ነው። በፓርኩ ሰሜን፣ ፍል ውሃው በሚፈልቅበት ስፍራ ደግሞ ዘንባባ በብዛት ቆሟል። የአፋር ሴቶች ከዘንባባ ቅጠል ሰሌን ይሠራሉ፤ ቤታቸውንም በሰሌን ያለብሳሉ። ቤቱ ፈርሶ በግመል ተጭኖ ይሄዳል።

አውሬ ለማየት ነፋሱ ከፊታችን ሲመጣ መሄድ ይሻላል። ከኋላችን ከነፈሰ ጠረናችን ይቀድመንና ሁሉም ይሸሻል። ይህን ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሰው አይነገረውም። በሜዳው ላይ ሳላን እናያለን። ቀንዶቹ ቀጥ ያሉና ረጅም ናቸው፤ ከጎን ሲታይ አንድ ቀንድ ብቻ ያለው ይመስላል። ሳላ ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ቀን ይቆያል። ሌሊት ጤዛ የያዘውን ሣርና ቅጠል በልቶ ከዚያው ውሃ ያገኛል።

ፓርኩን አልፈን ወደ ሰሜን ስንሄድ ሰፊው የሀላይደጌ ሜዳ ይመጣል። በዚያ ዝንጉርጉሩ የሜዳ አህያ አለ። ከገዋኔ ወዲያ ደግሞ የያንጉዲ ራሳ ፓርክ ይገኛል። ይህ የታሰበው ለዱር አህያ ነው። የዱር አህያ አመድማ ነው፤ እግሩ ላይ ጥቁር መስመሮች አሉት። ጭነት የምንጭነው የቤት አህያ ዘሩ ከአፍሪካ የዱር አህያ ነው። የቤቱ በየመንደሩ ሞልቷል፤ የዱሩ ግን በዓለም ላይ የቀረው እጅግ ጥቂት ነው። ያንጉዲ ራሳ ሄዶ እሱን ማየት ዛሬ ብርቅ ሆኗል።

በአሚባራና በገዋኔ በኩል ግን መንገዳችንን የሚዘጋ ዛፍ ያጋጥመናል። ስሙ ፕሮሶፒስ ነው። ብዙ የአፋር ሰዎች የደርግ ዛፍ ይሉታል። አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ለጥላ፣ ለነፋስ መከላከያ፣ አፈር እንዲይዝ ተብሎ በመካከለኛው አዋሽ ተተከለ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። በበጋም አረንጓዴ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ከሥሩ ግን ሣር አይገኝም።

እንዴት ተስፋፋ? ፍሬው ጣፋጭ ነው። ከብት ይበላዋል፤ ከርከሮም ይበላዋል። ዘሩ ግን ጠንካራ ስለሆነ በሆድ ውስጥ አይፈጭም። ከፋንድያው ጋር ይወጣል፤ ማዳበሪያውን ይዞ ተዘራ ማለት ነው። ጎርፍም ይወስደዋል። እንዲህ እየሆነ ዛሬ በአፋር ክልል ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ላይ እንደታየ ጥናት ያመለክታል። ሣሩን ሲያጠፋ ከብቱ ብቻ ሳይሆን ሳላውም፣ የሜዳ አህያውም ግጦሽ ያጣል።

መቁረጥስ? ከመሬት በላይ ከቆረጡት ጉቶው ብዙ ቅርንጫፍ አውጥቶ ከበፊቱ ይብሳል። አፈሩን ቆፍሮ ከግንዱ በታች፣ ከሥሩ መቁረጥ ያስፈልጋል። እንጨቱ ጥሩ ከሰል ይወጣዋል። ፍሬውም ዘሩ እስኪደቅ ድረስ ከተፈጨ ከሌላ መኖ ጋር ተደባልቆ ለከብት ይሰጣል፤ የተፈጨ ዘር አይበቅልም። ይህን የሚሠሩ አሉ፤ ሥራው ግን አድካሚ ነው፣ እሾሁም ይወጋል፣ የተወጋውም ቁስል ያመረቅዛል።

ችግኙ ገና ክንድ ሳያክል በእጅ ይነቀላል። ፍየል የሚጠብቅ ልጅም ሊነቅለው ይችላል፤ ለይቶ ካወቀው። የግራር ችግኝ ግን ሊመስለው ስለሚችል፣ ልጁ አስቀድሞ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ቢያይ ጥሩ ነው።