ኪኒን ወይስ ኦፕራሲዮን? እናቴ የሰጠችኝ የቤት ሥራ

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይላል የሀገራችን ሰው። የእኔ እናት ግን በሽታዋን ደብቃ አታውቅም። “ጨጓራዬ ተነሳ” ካለች ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። አንዷ ተልባ በጥብጣ ትመጣለች፣ ሌላዋ አብሽ ታዝዛለች፣ አንዱ ደግሞ “አምቦ ውኃ ጠጪበት” ይላል። ውድ የክፍላችን አንባቢያን፣ ስለዚህ ጉዳይ ላወጋችሁ የተነሳሁት የሕክምና ዕውቀት ኖሮኝ አይደለም። ሐኪም የነገረንን ነገር ቤት ውስጥ ማስረዳት ስላቃተኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ጎዛምን ወረዳ ውስጥ ነው። እናቴ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ለጤፍ አረም ጎንበስ ባለች ቁጥር የሚያቃጥል ፈሳሽ ከደረቷ ወደ አፏ እየመጣ አላሠራ አላት። ማታ ጋደም ስትልም ያው ነው። ትራስ ደራርባ፣ ቁጭ ብላ ያደረችባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ባህር ዳር ሄዳ በኢንዶስኮፒ ስትታይ ሐኪሙ “የጨጓራዎ አናት ወደ ደረትዎ ወጥቷል፤ ሄርኒያ ይባላል። በመድኃኒት መቆየት ይቻላል፤ በኦፕራሲዮንም ይስተካከላል፤ ተመካከሩበት” አላት።

መመካከሩ ወደ ክርክር ተለወጠ። አጎቴ “በሬው ይሸጥና አዲስ አበባ ሄዳ ትሠራ! ዕድሜ ልክ ኪኒን ሲለቅሙ ከመኖር አንድ ቀን መቆረጥ ይሻላል” አሉ። ታላቅ እህቴ ደግሞ “በኪኒን የሚታገስ በሽታ ምን ሲደረግ ሆድ ይከፈታል?” ብላ አለቀሰች። እናቴ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና ወደ እኔ ዞራ “አንተ ጋዜጠኛ ልትሆን አይደል የምትማረው? እስቲ ጠይቀህ ንገረኝ” አለችኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ የቤት ሥራ መልስ ነው።

የተበላሸው ምኑ ነው?

እኛ ዘንድ ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ “ጨጓራ” ነው። ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም እየተጠሩ ነው። አንደኛው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው የጨጓራ ቁስለት ነው። ባክቴሪያውን ያገኙት አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል። ይህ በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ታክሞ ሊድን ይችላል። ሁለተኛው ግን የበር ችግር ነው። ምግብ ከአፍ ወደ ጨጓራ የሚወርድበት ቧንቧ ታችኛው ጫፍ ላይ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ጡንቻ አለ። ይህ በር ሲላላ የጨጓራው አሲድ ሽቅብ ይመለሳል፤ ቃር የምንለው እሱ ነው። ለባክቴሪያ የሚሰጠው መድኃኒት የላላ በር አያጠብቅም። እናቴ የባክቴሪያውን መድኃኒት ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ወስዳ ያልተሻላት ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ሄርኒያ ሲባል ደግሞ አብዛኞቻችን የምናውቀው ቡአን ነው። የእናቴ ግን ከውጭ አይታይም። ደረትንና ሆድን የሚለይ ድያፍራም የሚባል ጡንቻ አለ። የምግብ ቧንቧው የሚያልፍበት ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ሲሰፋ የጨጓራው አናት ሾልኮ ወደ ደረት ይወጣል፤ በሩም ከድያፍራሙ ያገኝ የነበረውን ድጋፍ ያጣል። ጎንበስ ሲባል ሆድ ይጨመቃል፤ ፈሳሹም መውጫ ያገኛል። አረም ላይ የሚብስባት ለዚህ ነው።

ከመቶው ዘጠና አምስቱ ያህል ሄርኒያ እንደ እናቴ ወጣ ገባ የሚል ነው። ከስንት አንድ ጊዜ ግን የጨጓራው አካል በቧንቧው ጎን ወደ ላይ ወጥቶ ሊጠማዘዝና ደም ሊቋረጥበት ይችላል። እንዲህ ያለው ሄርኒያ ሕመም ካመጣ ጉዳዩ የቀዶ ሐኪም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ “የትኛው ዓይነት ነው?” የሚለው ነው።

የኪኒኑ መንገድ

ኦሜፕራዞል በየፋርማሲው የሚገኝ፣ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም ያለ መድኃኒት ነው። ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ሥራው ጨጓራ አሲድ የሚያመነጭበትን ፓምፕ ማጥፋት ነው። ልብ በሉ፣ በሩን አይዘጋውም። ፈሳሹ መመለሱን ሊቀጥል ይችላል፤ ማቃጠሉን ግን ይተዋል፤ የቆሰለው ቧንቧም ይድናል።

ታዲያ አወሳሰዱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኦሜፕራዞል ሲያም የሚዋጥ ማስታገሻ አይደለም። ከምግብ በፊት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ በየቀኑ ነው የሚወሰደው፤ ፓምፖቹ በምግብ ሲነቁ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ደርሶ መጠበቅ አለበት። እናቴ ግን ሲብስባት ብቻ፣ ያውም እራት ከበላች በኋላ ነበር የምትውጠው። “ረቡዕና ዓርብ ጾመኛ ነኝ፤ ቁርስ የለኝ፤ መቼ ልዋጠው?” ብላ ስትጠይቅ ሐኪሙ “ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሚቀምሱት ግማሽ ሰዓት ቀድመው” አላት። አለቀ፤ ይቺን የነገራት ሰው አልነበረም!

“ዕድሜ ልክ ሲወሰድ አይጎዳም ወይ?” የአጎቴ ጥያቄ ነው፤ ተገቢም ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12 እና የማግኒዝየም መጠን ሊቀንስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመ ሰፊ ጥናት ከ17 ሺህ በላይ ሰዎችን ለሦስት ዓመት ያህል ተከታትሏል። የኦሜፕራዞል ዘመድ የሆነውን ፓንቶፕራዞልን የወሰዱት መድኃኒትነት የሌለው ኪኒን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ልዩነት በግልጽ የታየው በአንጀት ኢንፌክሽን ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ትንሽ ነበር። አሲድ ጀርም ይገድል ነበርና ሲቀንስ ውኃ አፍልቶ መጠጣት ይበልጥ ያስፈልጋል ማለት ነው። እርግጥ ሦስት ዓመት ሠላሳ ዓመት አይደለም። ስለዚህ ሐኪሞች የሚመክሩት ሕመሙን ሊይዝ በሚችለው ዝቅተኛ መጠን መቆየትን ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የቆየውን በራስ ውሳኔ ድንገት ማቆምም ቃሩን ለጊዜው ሊያብሰው ይችላል።

የኦፕራሲዮኑ መንገድ

ይህን ኦፕራሲዮን ለዓለም ያስተዋወቀው ሩዶልፍ ኒሰን የሚባል የጀርመን ቀዶ ሐኪም ነው። ኒሰን አይሁዳዊ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1933 ናዚዎችን ሸሽቶ ኢስታንቡል ገባ። እዚያ ሳለ በ1930ዎቹ ውስጥ የአንድ ታማሚን የምግብ ቧንቧ ታችኛ ጫፍ ቆርጦ ሲያክም፣ ስፌቱ እንዳይለቅ ብሎ በጨጓራው ሥጋ ጠቀለለው። ከዓመታት በኋላ ታማሚው ቃር የሚባል ነገር እንደሌለበት ታወቀ። ኒሰን ይህን አስታውሶ በ1955 ባዝል፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ዘዴውን ለቃር ብሎ ሠራው፤ በ1956ም አሳተመው። እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ሐሳቡ ቀላል ነው። የወጣው ጨጓራ ወደ ሆድ ይመለሳል፣ የሰፋው የድያፍራም ቀዳዳ በስፌት ይጠባል፣ ከዚያም የጨጓራው አናት በቧንቧው ዙሪያ እንደ ሻሽ ይጠመጠማል። ከ1991 ወዲህ በላፓራስኮፒ፣ ማለትም ሆድ ሳይከፈት በትናንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ ካሜራና መሣሪያ ይሠራል። እህቴ የፈራችው ትልቅ ቁስል አሁን የግድ አይደለም።

ግን ዋጋ አለው። ጥምጥሙ ከጠበቀ ምግብ መዋጥ ያስቸግራል፤ ማግሳትና ማስመለስ ሊከብድ፣ ሆድም ሊነፋ ይችላል። ጥምጥሙ ከዓመታት በኋላ ሊላላም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የስዊድን ጥናት በላፓራስኮፒ ከተሠሩ 2,655 ሰዎች መካከል ወደ 18 በመቶ የሚሆኑት ቃሩ እንደተመለሰባቸው አሳይቷል። ስለዚህ የአጎቴ “አንድ ቀን ተቆርጦ መገላገል” ለብዙዎች እውነት ቢሆንም ለሁሉም አይደለም።

ሁለቱ ሲወዳደሩ

በአሥራ አንድ የአውሮፓ አገሮች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ መድኃኒት የሚሠራላቸውን ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አምስት ዓመት ተከታተለ። በመድኃኒት ከቆዩት 92 በመቶው፣ ከተሠሩት 85 በመቶው ደህና ነበሩ። የሁለቱም ጥሩ ነው! ልዩነቱ ያለው ዝርዝሩ ውስጥ ነው። ፈሳሽ ወደ አፍ መመለስ የነበረባቸው በመድኃኒት 13 በመቶ፣ በኦፕራሲዮን 2 በመቶ ናቸው። የመዋጥ ችግር ደግሞ በተገላቢጦሽ በኦፕራሲዮን 11፣ በመድኃኒት 5 በመቶ።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን በ2019 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ነው። “መድኃኒቱ እምቢ አለን” ያሉ 366 የቀድሞ ወታደሮች ተላኩ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ኦሜፕራዞልን በጥብቅ መመሪያ ለሁለት ሳምንት ሰጧቸው። በዚህ ብቻ 42ቱ ተሻላቸው። ሲመረመሩ ደግሞ 99ኙ የሚሰማቸው ማቃጠል ከአሲድ መመለስ የመጣ አልነበረም፤ እነሱን ቢቀዱ ኖሮ በከንቱ ነበር። ሌሎችም በሌላ በሌላ ምክንያት ተቀንሰው በመጨረሻ 78 ቀሩ። ከእነዚህ መካከል ኦፕራሲዮን የደረሳቸው 67 በመቶ ሲሻላቸው፣ ተጨማሪ መድኃኒት ከተሰጣቸው የተሻላቸው 28 በመቶ ብቻ ናቸው።

እኔ ከዚህ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው። ኦፕራሲዮን ኪኒን እምቢ ያለው ሰው ሁሉ የሚሮጥበት የመጨረሻ በር አይደለም። በትክክል ተመርምሮ ችግሩ የበሩ መሆኑ ለተረጋገጠለት ሰው ጥሩ ነው። ኪኒኑም በትክክል ሳይዋጥ “አልሠራም” አይባልም።

ለእናቴ ምን አልኳት?

አራት ጥያቄ ጽፌ ሰጠኋት። ሄርኒያው የትኛው ዓይነት ነው? መድኃኒቱን በትክክል ወስጄ አይቼዋለሁ ወይ? የሚያስቸግረኝ ማቃጠሉ ነው ወይስ የፈሳሹ መምጣት? የሚሠራኝ ሐኪምስ ይህን ኦፕራሲዮን ስንት ጊዜ ሠርቷል፣ ቢላላ ወይም ቢጠብቅ ማን ያየኛል? የመጨረሻው ለእኛ ከባድ ነው፤ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከኦፕራሲዮን በፊት አሲዱንና የቧንቧውን ጡንቻ የሚለኩ መሣሪያዎችም በየከተማው የሚገኙ አይደሉም።

እስከዚያው አባቴ የአልጋውን ራስጌ ድንጋይ አስገብቶ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አደረገላት። እራት ከመኝታ ሦስት ሰዓት ቀድማ ትበላለች፤ አምቦ ውኃውም ቀረ። ኦሜፕራዞሉን በሰዓቱ መውሰድ ከጀመረች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ሌሊት ተኝታ ታድራለች። ጎንበስ ስትል ግን ፈሳሹ አሁንም ይመጣል፤ “አያቃጥልም፤ ግን ይመጣል” ትላለች። እንግዲህ ይህ ኪኒን የማይዘጋው በር ነው። ቁጥሮቹ እንደሚሉት ከሆነ ኦፕራሲዮን ሊጠቅማት የሚችለውም እዚህ ላይ ነው።

እሷ የወሰነችው እንዲህ ነው። የኅዳርን አጨዳ በመድኃኒቱ ታያለች። ካስቻላት ትቀጥላለች፤ ካላስቻላት በጥር አራቱን ጥያቄ ይዛ አዲስ አበባ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች። በሬው እስከዚያ አይሸጥም። አጎቴም “እንግዲህ እሷ ካለች” ብለው ዝም አሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ከእናንተም ቤት “ጨጓራ” የሚባል በሽታ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ምግብ አልወርድ ካለ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ካለ፣ ደም ማስመለስ ወይም ጥቁር ሰገራ ከታየ ግን ኪኒን ወይስ ኦፕራሲዮን የሚለው ክርክር ይቆይና ዛሬውኑ ሐኪም ቤት። የአጨዳውን ውጤት በሚቀጥለው ዕትም እነግራችኋለሁ። ቸር እንሰንብት።