ስለ ከተማ ዐቃቤ ሕግ፤ ቀላሉን ወንጀል በዳኛ ፊት የሚያቀርበው ማን ነው?

ሽማግሌዎቻችን «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይላሉ። ይህ የሕግን ክብር የሚያስረዳ መልካም ቃል ነው። ነገር ግን አስተውለን ብንመለከተው በዚህ ምሳሌ ውስጥ ስሙ ያልተጠራ አንድ ሰው አለ፤ ይኸውም «በሕግ አምላክ» ብሎ የሚናገረው ነው። እርሱ ዝም ያለ እንደ ሆነ ሕጉ በመጽሐፍ ተጽፎ ይቀራል፤ ዳኛውም በወንበሩ ተቀምጦ ይውላል፤ የተበደለውም እንባውን ጠርጎ ወደ ቤቱ ይገባል።

ይህች ትንሽ ጽሑፍ የምትናገረው ስለዚሁ ተናጋሪ ነው፤ ይልቁንም በአሜሪካ አገር ከተሞች ቀላል ወንጀል የሠሩትን ሰዎች እንዲከስ በከተማው ሕዝብ ገንዘብ ስለሚቀጠረው ዐቃቤ ሕግ ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ቢሆንም ትምህርቱ ለማንኛውም ሕዝብ ይጠቅማል። ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፥ ሽማግሌዎችም ለአገሩ ልጆች ያስረዱት ዘንድ በአጭሩ ተጽፏል። የተጠቀሱትም ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሳሽ ማን ነበረ፤ ዛሬስ ማን ነው?

በቀድሞ ዘመን በአገራችን የተበደለ ሰው ራሱ ከሳሽ ነበረ። የባለጋራውን ልብስ ከልብሱ ጋር ቋጥሮ፥ በቁራኛ ይዞ ወደ ዳኛ ይሄድ እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። በሌሎችም ብዙ አገሮች ክስ የተበዳዩና የዘመዶቹ ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። ይህ ልማድ ጉልበትና ዘመድ ላለው ሰው ይመቻል። ነገር ግን ባሏ የሚደበድባት ሴት፥ ወላጅ የሌለው ልጅ፥ ጎረቤቱን የሚፈራ ድኻ ባለጋራውን እንዴት አድርጎ በቁራኛ ይዞት ይሄዳል?

ስለዚህ የኋለኛው ዘመን መንግሥታት፥ ወንጀል የሚጎዳው የተበደለውን ሰው ብቻ ሳይሆን ሕዝቡን ሁሉ ነው በማለት፥ በሕዝብ ስም የሚከስ ሹም አቆሙ። ይህም ሹም በቋንቋችን ዐቃቤ ሕግ ይባላል። ዐቃቤ በግዕዝ ጠባቂ ማለት ስለ ሆነ የስሙ ትርጓሜ የሕግ ጠባቂ ማለት ነው። ከሳሽ አለመባሉን ልብ ማድረግ ይገባል፤ ሥራው ሰውን ማስቀጣት ብቻ ሳይሆን ሕግን መጠበቅ ነውና። ያልበደለውን ሰው ከክስ ማዳንም ሕግን መጠበቅ ነው።

በአሜሪካ ያለው ሥርዓት

በአሜሪካ 50 ግዛቶች አሉ፤ እያንዳንዱም ግዛት የራሱ የወንጀል ሕግ አለው። ግዛቱ በአብዛኛው በአውራጃ ይከፈላል፤ በአውራጃውም ውስጥ ከተሞች ይገኛሉ። በብዙው ግዛት ወንጀለኛን የሚከሰው የአውራጃው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ በሕዝብ ድምፅ ይመረጣል።

ወንጀሉም በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይመደባል። ነፍስ መግደል፥ በመሣሪያ አስፈራርቶ መዝረፍና ይህን የመሰለው ሁሉ ከባድ ወንጀል ይባላል፤ ከአንድ ዓመት በላይ በሚሆን እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። ከሱቅ ጥቂት ዕቃ መስረቅ፥ ሰክሮ መኪና መንዳት፥ የሰውን ንብረት ማበላሸት፥ ብርቱ ቁስል ያላደረሰ ድብደባ ግን በአብዛኛው ቀላል ወንጀል ይባላል፤ ቅጣቱም የገንዘብ መቀጫ፥ ወይም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት የማይበልጥ እስራት ነው። ከነዚህም ሌላ የከተማው ምክር ቤት ራሱ የሚያወጣቸው ደንቦች አሉ።

ይሁን እንጂ ቀላል መባሉ በሕግ ሚዛን ነው እንጂ በተበዳዩ ሚዛን አይደለም። በገዛ ቤቷ ውስጥ ለተመታች ሴት ያ ምት ቀላል አይደለም። የዕለት ገቢው ለተሰረቀበት ባለ ትንሽ ሱቅም ስርቆቱ ቀላል አይደለም። በሕዝቡ መካከል በየቀኑ የሚደርሰውና የኑሮን ሰላም የሚያውከው ይህ ቀላል የተባለው ነው። የአውራጃው ዐቃቤ ሕግ ግን በነፍስ ግድያና በዝርፊያ ጉዳይ ሲደክም ቀላሉን ወደ ኋላ ይተወዋል። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ከተሞች የራሳቸውን ዐቃቤ ሕግ ማቆም አስፈለጋቸው።

በቶፒካ ከተማ የሆነው ነገር

ከሳሽ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የሚያስረዳ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ቶፒካ የካንሳስ ግዛት ዋና ከተማ ናት፤ በ2010 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ127,000 በላይ ሰዎች ይኖሩባት ነበር። ከተማዪቱ ያለችበት አውራጃ ሾኒ ይባላል። በ2011 የአውራጃው አስተዳዳሪዎች ለሚመጣው ዓመት ከዐቃቤ ሕጉ መሥሪያ ቤት በጀት ከመቶ 10 እጅ ያህሉን ለመቀነስ አሰቡ። ዐቃቤ ሕጉም ሴፕቴምበር 8 ቀን 2011፥ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 3 ቀን 2003 ዓ.ም.፥ ገንዘብና ሰው ስላነሰኝ ከእንግዲህ ወዲህ በቶፒካ ከተማ ውስጥ የሚሠራውን ቀላል ወንጀል አልከስም፤ ከተማው በራሱ ፍርድ ቤት ይክሰስ አለ። በዚህ ውስጥ ባል ሚስቱን፥ ወይም ሰው የቤቱን ሰው የሚደበድብበት ወንጀል ይገኝ ነበር።

ከተማውም በበኩሉ፥ ይህን ሁሉ አዲስ ሸክም የምችልበት ገንዘብ የለኝም አለ። እንዲህ ሲከራከሩ፥ በቤት ውስጥ ድብደባ ተጠርጥረው በፖሊስ የተያዙ ሰዎች ክስ ሳይቀርብባቸው ተለቀቁ። ሕጉ አልተሻረም፤ ፖሊሱም ሥራውን አልተወም፤ ዳኛውም ነበረ። የጠፋው በመካከል የሚቆመው ከሳሽ ብቻ ነበር።

ኦክቶበር 11 ቀን፥ በእኛ መስከረም 30 ቀን 2004 ዓ.ም.፥ የከተማው ምክር ቤት ተሰብስቦ በቤት ውስጥ የሚደረገውን ድብደባ የሚከለክለውን የከተማ ደንብ በ7 ድምፅ በ3 ሻረው። ሚስትን መደብደብ ይፈቀድ ማለቱ አልነበረም፤ የግዛቱ ሕግ እንደ ጸና ነበርና። ነገር ግን የከተማው ደንብ ከተሻረ በግዛቱ ሕግ መሠረት የሚከስ ዐቃቤ ሕግ የአውራጃው ብቻ ስለሚሆን፥ በግድ ወደ ሥራው እንዲመለስ ብለው ነው። ዐቃቤ ሕጉም በማግሥቱ ክሱን እንደገና እንደሚቀጥል አስታወቀ።

ሁለቱ ሹማምንት ስለ ገንዘብ ሲከራከሩ የተጎዳው ከሁለቱም ወገን ያልሆነው፥ በየቤቱ የተደበደበው ሰው ነበር። «ዳኛ ሲገኝ ተናገር፥ ውሃ ሲጎድል ተሻገር» የሚለው ምክር እንኳ በዚያ ሰሞን ለነዚያ ሰዎች አልጠቀመም። ዳኛው ቢኖርም የሚናገርላቸው ሰው አልነበረምና።

ከተማ ዐቃቤ ሕጉን የሚያቆምበት መንገድ

መንገዱ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በምርጫ ነው። በካሊፎርኒያ ግዛት የሎንግ ቢች ከተማ ሕዝብ ቀላል ወንጀልን ብቻ የሚከስ የከተማ ዐቃቤ ሕግ በድምፁ ይመርጣል፤ የከተማው የሕግ አማካሪ ሌላ ሰው ነው። በሎስ አንጀለስና በሲያትል ግን ሕዝቡ የሚመርጠው አንድ የከተማ የሕግ ሹም ነው። እርሱ ከተማውን በፍትሐ ብሔር ነገር ይረዳል፥ ቀላሉንም ወንጀል ይከሳል፤ ከባዱ ወንጀል ግን ለአውራጃው ዐቃቤ ሕግ ይተዋል። ሁለተኛው መንገድ ከተማው በወር ደመወዝ የሚቀጥረው ነው። ሦስተኛው ደግሞ አነስተኛ ከተሞች ለአንድ ጠበቃ ወይም ለጠበቆች ማኅበር ሥራውን በውል የሚሰጡበት ነው።

ሥልጣኑም ከሕግ የሚመነጭ ነው እንጂ ከተማው በፈቃዱ የሚወስደው አይደለም። በካሊፎርኒያ የከተማ ዐቃቤ ሕግ በግዛቱ ሕግ የተከለከለውን ቀላል ወንጀል ለመክሰስ፥ በከተማው ቻርተር ሥልጣን ካልተሰጠው በቀር፥ የአውራጃውን ዐቃቤ ሕግ ፈቃድ ማግኘት አለበት።

ሥራው እንዲህ ነው። ፖሊስ ጉዳዩን መርምሮ በጽሑፍ ያቀርባል። ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃውን ይመዝናል፤ በቂ ያልሆነ እንደ ሆነ ይተወዋል፤ በቂ ከሆነ ክሱን ጽፎ ለፍርድ ቤት ያቀርባል። ብዙው ጉዳይ ተከሳሹ ጥፋቱን ሲያምን ያልቃል፤ የቀረው ምስክር ተሰምቶ ይፈረዳል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 እንደ ወሰነው፥ ወንጀሉ ቀላል እንኳ ቢሆን፥ ጠበቃ ያልቆመለት ሰው መብቱን በፈቃዱ ካልተወ በቀር አይታሰርም። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ የሚቀጥር ከተማ ለድኻው ተከሳሽ የሚቆመውን ጠበቃ ዋጋ፥ የእስር ቤቱንም ወጪ አብሮ ማሰብ አለበት።

ጥቅሙ

የከተማው ዐቃቤ ሕግ መንገዱንና ሰፈሩን ያውቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚያውክ ማን እንደ ሆነ፥ በችግር ተገፍቶ አንድ ጊዜ የተሳሳተውም ማን እንደ ሆነ ለይቶ ለመመልከት ይችላል። ሁለተኛም የሚይዘውንና የሚከሰውን ይለያል። በአንዳንድ ግዛቶች፥ ለምሳሌ በኒው ሃምፕሺርና በሳውዝ ካሮላይና፥ በትንሹ ፍርድ ቤት የፖሊስ መኮንን ከሳሽ ሆኖ መቆም ይችላል። ነገር ግን የያዘው ሰው ራሱ ከሳሽ ሲሆን የራሱን ሥራ ስሕተት ለማየት ይቸገራል። ዐቃቤ ሕግ በመካከል ሲቆም የፖሊሱ ሥራ በሁለተኛ ዓይን ይታያል።

አደጋው

እንዲሁም በጎ ሥርዓት መልካም ጥበቃ ካልተደረገለት ይበላሻል። በደቡብ ካሊፎርኒያ በረሃ ኢንዲዮና ኮቼላ የሚባሉ ከተሞች ክሱን በውል ለግል ጠበቆች ሰጥተው ነበር። በ2017 የአካባቢው ጋዜጣ እንደ ገለጠው፥ ዶሮ በማርባት ወይም ያለ ፈቃድ ቤትን በማስፋት ደንብ ተላለፉ ተብለው የተከሰሱ ሰዎች መቀጫቸውን ከከፈሉ በኋላ፥ የከሰሳቸውን ዐቃቤ ሕግ የድካም ዋጋ ክፈሉ የሚል ወረቀት ደረሳቸው። መቀጫው በመቶዎች ዶላር ሲቆጠር፥ የዐቃቤ ሕጉ ዋጋ ግን በሺዎች ይቆጠር ነበር። የግዛቱ ሕግ አውጪዎች ይህን ባዩ ጊዜ በ2018 ከተሞች የክስን ወጪ ከተከሳሹ እንዳይቀበሉ የሚከለክል ሕግ አወጡ።

ቀደም ብሎ በ1985 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዚህን ወንድም የሚሆን ነገር ወስኖ ነበር። አንድ ከተማ ነዋሪውን የሚያውክ የንግድ ቤት ለማዘጋት አንድ ጠበቃ ሲቀጥር፥ ከረታ በሰዓት 60 ዶላር፥ ከተረታ ግን 30 ዶላር ሊከፍለው ተዋውሎ ነበር። ፍርድ ቤቱም፥ በሕዝብ ስም የሚቆም ሰው ጥቅሙ በመርታቱ ላይ ከተንጠለጠለ ሚዛናዊ ሊሆን አይችልም ሲል ከለከለ። ያ ጉዳይ የወንጀል ክስ ባይሆንም፥ ምክንያቱ በዐቃቤ ሕግም ላይ ይሠራል። ሚዛን የያዘ ነጋዴ ከአንደኛው ወገን ጉርሻ ቢቀበል ሚዛኑን ማን ያምነዋል?

ከዚህ የምንማረው

እንግዲህ ከሁለቱ ታሪክ አንድ ነገር እንማራለን። በቶፒካ ለከሳሹ የሚከፍል ጠፋና የተበደሉት ያለ ከሳሽ ቀሩ። በበረሃው ከተሞች ደግሞ ከፋዩ ተከሳሹ ራሱ ሆነና ከሳሹ ከመጠን አለፈ። ስለዚህ ሕዝብ ዐቃቤ ሕግ ሲያቆም ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፦ ደመወዙን የሚከፍለው ማን ነው? ሁሉ በአንድነት ከሚያዋጣው ግብር፥ ቢረታም ባይረታም በአንድ መጠን የሚከፈለው እንደ ሆነ፥ ለሕዝቡ ሁሉ ይቆማል። ይህ የጎደለ እንደ ሆነ ግን ወይ ዝም ይላል፥ ወይ ለገንዘብ ይከሳል።

መምህር ሆይ፥ ይህን ለተማሪዎችህ ስታስተምር ሦስት ልጆች አስነሥተህ አንዱን ዳኛ፥ አንዱን ተከሳሽ፥ አንዱን ዐቃቤ ሕግ አድርጋቸው። ከዚያም ዐቃቤ ሕጉን ወደ ቦታው ተመልሰህ ተቀመጥ በለውና፥ ዳኛው ብቻውን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ጠይቃቸው። ቀጥለህም ዐቃቤ ሕጉ በረታ ቁጥር ከተከሳሹ ሽልማት የሚቀበል ቢሆን ፍርዱ ምን እንደሚመስል ጠይቃቸው። መልሱን ራሳቸው ያገኙታል። ከመጽሐፍ ካነበቡትም ይልቅ በዓይናቸው ያዩት በልባቸው ይኖራል።

እናንተም ሽማግሌዎች፥ ቀላል በደል የደረሰበት ሰው ወደ እናንተ ሲመጣ «ይህስ ትንሽ ነገር ነው፥ እለፈው» ከማለታችሁ በፊት፥ ነገሩ ለማን ትንሽ እንደ ሆነ አስቡ። ሕግ የሚከበረው በታላላቆቹ ወንጀሎች ላይ ብቻ በሚሰጠው ፍርድ አይደለም፤ ቀላል ተብሎ የተናቀውም በደል በዳኛ ፊት የሚናገርለት ሰው ሲያገኝ ነው።