የቡና ገለፈትና የውሃው ሃይድሮጅን

ቴሌግራም ላይ «በውሃ የሚሄድ መኪና» የሚል ቪዲዮ የምትልኩልኝ ብዙ ናችሁ። መልሴ አጭር ነው፦ ውሃ ነዳጅ አይደለም። እንዲያውም ሃይድሮጅን ተቃጥሎ ሲያልቅ የሚቀረው «አመድ» ነው በሉት። መልሶ ለመለያየት ኤሌክትሪክ መክፈል ግድ ነው። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ለማግኘት 9 ሊትር ውሃ ይበቃል፤ ኤሌክትሪኩ ግን 50 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው።

ጨዋታው ያለው እዚህ ጋ ነው። በስሌት 1.23 ቮልት ይበቃ ነበር። ማሽኖቹ ግን 1.8 እና ከዚያ በላይ ይወስዳሉ፤ አብዛኛው ትርፍ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ካታሊስት ኤሌክትሮዱ ላይ ተቀምጦ፣ ራሱ ሳያልቅ፣ ይህን ብክነት ይቀንሳል። ምርጡ ፕላቲኒየም ነው (እኛም ወለጋ፣ ዩብዶ ላይ አለን)፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። በኦክስጅን በኩል የሚያገለግለውን ኢሪዲየም ደግሞ ዓለም በሙሉ በዓመት ከ10 ቶን በታች ነው የሚያወጣው።

ውሃው ውስጥ እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለ ነገር ሲጨመር ግን ኒኬልና ብረትም ይሠራሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። አስዋን ላይ ኪማ የተባለው ፋብሪካ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአባይ ኤሌክትሪክ ከውሃ ሃይድሮጅን እያወጣ ማዳበሪያ ይሠራ ነበር። በኋላ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞረ።

የዛሬ ተመራማሪዎች ጥረት ኒኬሉን ወይም ኮባልቱን በካርቦን ላይ በትንንሹ በትኖ፣ ከጥቂት ብረት ብዙ ሥራ ማግኘት ነው። ካርቦኑስ ከየት ይመጣል? ከቦንጋ ወደ ሚዛን ስትሄዱ የምታገኟትን ሺሺንዳን አስቡ። የቡና አገር ናት። በደረቁ የተዘጋጀ ቡና ሲፈለፈል ግማሽ ያህሉ ክብደት ገለፈት ነው፤ ከፊሉ ይነዳል፣ ከፊሉ እዚያው ይበሰብሳል። ያንኑ ገለፈት አየር በሌለበት ምድጃ ካከሰሉት በቀዳዳ የተሞላ ካርቦን ይወጣዋል። በሌሎች አገሮች ላቦራቶሪዎች ከቡና ተረፈ ምርት እንዲህ ዓይነት ካርቦን ተሠርቷል።

ግን አትቸኩሉ። ካርቦን በኦክስጅን በኩል ራሱ እየተበላ ያልቃል፤ ስለዚህ ቦታው በሃይድሮጅን በኩል ነው። ገለፈት ደግሞ አመዱ ብዙ ስለሆነ በደንብ መታጠብ አለበት። ላቦራቶሪ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ጎበዝ የነበረ ካታሊስት ፋብሪካ ውስጥ አሥር ሺዎች ሰዓታት መቆየት ይጠበቅበታል። ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ፈተና ላይ ነው።

ለእኛ ይህ ሁሉ የማዳበሪያ ጉዳይ ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ጋር ስምምነት የተፈረመበት የጎዴ ፋብሪካ ሃይድሮጅኑን የሚያገኘው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። በቀጣዩ ወር፣ ጳጉሜ ላይ፣ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ከዚያ 10 ሜጋዋት ብቻ ለውሃ መለያያ ቢሰጥ በሰዓት 200 ኪሎ ሃይድሮጅን፣ ማለትም ከ1 ቶን በላይ አሞኒያ ይሆናል። ጋዙ አንድ ቀን ያልቃል፤ እኔ ብጠየቅ ሁለቱንም እጀምር ነበር።

ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ከሺሺንዳ ሩቅ አይደለም። ኬሚስትሪ የምታጠኑ ካላችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ይኸው፦ አንድ ጆንያ ገለፈት፣ ምድጃ፣ የኒኬል ጨው፣ ከዚያ ቮልቱ ከስንት ሰዓት በኋላ መጨመር እንደሚጀምር መመዝገብ።