ለሰርቨር ቦርድ ስትመርጡ ከፕሮሰሰሩ በፊት መብራቱን አስቡ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ ለትምህርት ቤት ወይም ለቤት አነስተኛ ሰርቨር፣ አለዚያም ፋየርዎል ለመሥራት የትኛው ማዘርቦርድ ይሻላል? ሁላችሁም ስለ ፕሮሰሰሩ ነው የምትጠይቁት። ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ጅጋ ወይም ሽንዲ ላለ ሰው ግን ፕሮሰሰሩ ሦስተኛ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ቦርዱ መብራት ሲሄድ በባትሪ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ መብራት ሲመጣ ደግሞ ማንም ሳይነካው ራሱ ይነሣ እንደሆነ ነው።

ሰርቨሩ ለምን አስፈለገ ለምትሉ፦ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ረጅም ጊዜ መቆየቱን ሁላችንም እናውቃለን። ኪዊክስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ውክፔዲያን እንዳለ ይዞ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ከነምስሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ የአማርኛው በጣም ትንሽ ቦታ ይበቃዋል። ኮሊብሪ ደግሞ የካን አካዳሚን ትምህርቶች ከነቪዲዮና ከነመልመጃው ያቀርባል። አንድ ቦርድ፣ አንድ ዲስክ፣ አንድ ዋይፋይ ራውተር ካለ ተማሪው በስልኩ ገብቶ ያነባል። ፓኬጅ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ብዙ ቦታ ለሰርቨር የሚውለው ጥግ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። እንዲህ ያለው ማሽን 70 ዋት ያህል ይበላል። 12 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ግን ከግማሽ በላይ ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር 600ውን ብቻ ቁጠሩ። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመርበት ዴስክቶፑ ሰባት ሰዓት ያህል ሠርቶ ይጠፋል። 10 ዋት የሚበላ ትንሽ ቦርድ 10 ዋት ከሚበላ ራውተር ጋር ሆኖ፣ ያለ ኢንቨርተር በቀጥታ ከባትሪው ቢሠራ ግን 30 ሰዓት ይሄዳል። በዚያው ባትሪ።

ስለዚህ ቦርዱ ዲሲ የሚቀበል ይሁን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። "12 ቮልት" የሚባለው ባትሪ ሁልጊዜ 12 ቮልት አይደለም፤ ቻርጅ ሲደረግ 14.4 ይደርሳል፣ ሲደክም ወደ 11 ይወርዳል። ቦርዱ ላይ ከ9 እስከ 24 ቮልት እንደሚቀበል ከተጻፈ በቀጥታ ማገናኘት ትችላላችሁ። 12 ብቻ የሚል ከሆነ ግን መሀል ላይ ከፍ ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ 12 ላይ የሚያጸና ሬጉሌተር አስገቡ። 19 ቮልት ለሚፈልጉት በመኪና ውስጥ ላፕቶፕ ቻርጅ የሚደረግበት አዳፕተር ይሠራል፤ ዋቱ እንዲበቃ ብቻ እዩ።

ሁለተኛው ጉዳይ ባዮስ ውስጥ ነው። መብራት ተቋርጦ ሲመለስ ማሽኑ ምን ያድርግ የሚል ምርጫ አለ፤ "ይብራ" በሚለው ላይ ይሁን። ምርጫው የሌለበት ቦርድ ለሰርቨር አይሆንም፤ ቁልፍ የያዘው መምህር ቅዳሜና እሑድ የለማ! ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለውን፣ መጀመሪያ ቀይሩ። እሷ ከሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር ምርጫው ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፣ ሰዓቱም ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። ሰዓቱ ከተሳሳተ ደግሞ ብዙ ድረ ገጾች አንከፈትም ይላሉ። ራስበሪ ፓይ 4 ጭራሽ የራሱ ሰዓት የለውም፤ በተጨማሪም መብራት ድንገት ሲቋረጥ ሚሞሪ ካርዱ የመበላሸት ዕድል ስላለው በኤስኤስዲ ካልሆነ አልመክረውም።

ፕሮሰሰሩን በተመለከተ ኢንቴል ኤን100 ይበቃል፤ በ2023 እንደ አውሮፓውያን የወጣ፣ አራት ኮር ያለው፣ በኢንቴል መግለጫ 6 ዋት የተመደበ ነው። ለኪዊክስና ለኮሊብሪ 8 ጊጋ ራም በቂ ነው። ብዙ ገንዘብ አታውጡበት።

ፋየርዎል ለምትሠሩ ሁለት የኔትወርክ ፖርት የግድ ነው፦ አንዱ ከኢንተርኔቱ፣ ሌላው ከውስጥ። ፒኤፍሴንስና ኦፒኤንሴንስ የሚባሉት የፋየርዎል ፕሮግራሞች የሚሠሩት በፍሪቢኤስዲ ሲስተም ላይ ስለሆነ ከሪልቴክ ይልቅ የኢንቴል ፖርት ይስማማቸዋል። የዩኤስቢ ኔትወርክ አዳፕተር ርካሽ ነው፣ ግን እየተቋረጠ ያሰለቻል። አራት የኢንቴል ፖርት ያላቸው፣ ፋን የሌላቸው ትንንሽ የቻይና ሳጥኖች ብዙዎቹ በ12 ቮልት አዳፕተር ስለሚሠሩ ለእኛ አካባቢ ይመቻሉ። ካገኛችሁ ያገለገለ ኤችፒ ቲ620 ፕላስም ጥሩ ነው፤ የኔትወርክ ካርድ የሚሰካበት ቦታ አለው።

ፋን የሌለው ያልኩት በምክንያት ነው። ቡሬ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ፋን የሚሰጠው ማቀዝቀዝ ይቀንሳል፣ በበጋ ደግሞ አቧራው ፋኑን ይይዘዋል። ሳጥኑ ራሱ ሙቀት የሚያወጣ አሉሚኒየም ከሆነ ግን ከግድግዳ ትንሽ አርቆ ማስቀመጥ ይበቃል።

ስለ መብረቅም ልጨምር። ከቢሮ ወደ ላይብረሪ በውጭ በኩል የኔትወርክ ኬብል አትዘርጉ። ክረምት ላይ መብረቅ አጠገብ ሲወድቅ በኬብሉ ገብቶ ፖርቱን፣ አንዳንዴም ቦርዱን ያቃጥላል። ሁለት ሕንፃ ማገናኘት ካለባችሁ በፋይበር ወይም በዋይፋይ ይሁን።

ለመግዛት አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር የምትወርዱ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ባዮሱን ከፍቶ መብራት ሲመለስ "ይብራ" የሚለውን ምርጫ ያሳያችሁ፤ ከዚያ መሰኪያውን ከግድግዳ ነቅላችሁ መልሱና ራሱ ይነሣ እንደሆነ በዓይናችሁ እዩ። የቦርዱን ሞዴልና የቮልት ጽሑፉን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ ሳትገዙት አይቼ እነግራችኋለሁ።