ፓይተን ሞጁል ፍለጋ ሲወጣ

«እንዲህ የሚባል ሞጁል የለም» የሚል ኤረር ሲመጣ ብዙ ፕሮግራመር ቀድሞ የሚጠረጥረው ፋይሉ መጥፋቱን ወይም ስሙ በስህተት መጻፉን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ፋይሉ ቦታው ላይ አለ፤ የተሳሳተው ፓይተን የሚፈልግበት ቦታ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ያለው በፕሮጀክቱ አደረጃጀት ላይ ነው እላለሁ። በየስክሪፕቱ አናት ላይ የሚደረገው ጥገና ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም።

ፓይተን የኢምፖርት ትእዛዝ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀድሞ የጫናቸውን ሞጁሎች መዝገብ፣ ማለትም ሲስ ሞጁልስን ነው። ስሙን እዚያ ካገኘ ፋይሉን ዳግመኛ አይከፍትም። ካጣ፣ አብረውት ከተሠሩት ሞጁሎች ቀጥሎ ሲስ ፓዝ የተባለውን የፎልደሮች ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ይፈትሻል፤ መጀመሪያ ያገኘውንም ይወስዳል። ጣጣው ያለው በዝርዝሩ አናት ላይ ነው። ስክሪፕቱን በቀጥታ ስናስነሳ አናት ላይ የሚቀመጠው ስክሪፕቱ ያለበት ፎልደር ነው፤ በሰረዝ ኤም አማራጭ እንደ ሞጁል ስናስነሳ ግን ተርሚናሉ በዚያ ሰዓት ያለበት ፎልደር ይሆናል። «ሱቅ» በሚባል ፕሮጀክት ውስጥ «ሂሳብ» የተባለ ፓኬጅና «ስክሪፕቶች» የተባለ ፎልደር ጎን ለጎን አሉ እንበል። «ስክሪፕቶች» ውስጥ ያለው የሪፖርት ፋይል «ሂሳብ»ን ይጠራል። «ሱቅ» ላይ ሆነን ፋይሉን በቀጥታ ብናስነሳው ፓይተን «ስክሪፕቶች» ውስጥ ፈልጎ ያጣል፤ ከዚያው ሳንነቃነቅ በሰረዝ ኤም ብናስነሳው ያገኛል። ከኮዱ አንዲት ፊደል አልተቀየረችም። የራስን ፋይል ራንደም ብሎ መሰየም ከፓይተን ጋር የሚመጣውን ራንደም የሚጋርደውም በዚሁ ሕግ ነው። በ2024 የወጣው ፓይተን 3.13 እንዲህ ሲያጋጥመው የፋይሉን ስም ቀይሩ ብሎ ኤረሩ ውስጥ መጠቆሙ ስንቱን ከድካም አድኗል!

የተለመደው ማስታገሻ በየስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ ፎልደሩን ወደ ሲስ ፓዝ የሚጨምር መስመር መጻፍ ነው። «ይሠራል እኮ» ይባላል፤ እውነት ነው፣ ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው በአንድ ፕሮግራም አብረው ከሚነሡ ስክሪፕቶች አንዱ «ሱቅ»ን፣ ሌላው «ሂሳብ»ን ራሱን ዝርዝሩ ውስጥ ሲያስገባ ነው። ያኔ «ሂሳብ» ውስጥ ያለው «ደረሰኝ» የተባለ ፋይል በአንድ በኩል «ሂሳብ ነጥብ ደረሰኝ»፣ በሌላ በኩል «ደረሰኝ» ተብሎ ይጠራል። መዝገቡ የሚያውቀው ስምን ስለሆነ ፓይተን አንዱን ፋይል ሁለት ጊዜ ይጭነዋል። በአንደኛው ስም የተነሣውን ስህተት በሁለተኛው ስም ለመያዝ የተጻፈው ኮድ ሳይዘው ያልፋል፤ በአንዱ ቅጂ ላይ የተቀየረው ዋጋም በሌላው ላይ አይታይም። ከዚህ ሁሉ ሞጁሉ ባይገኝና ፕሮግራሙ ወዲያው ቢቆም ይሻል ነበር።

ፓይተን ፓዝ የተባለውን የሲስተም መቼት መሙላት ይበቃል የሚሉም አሉ። ተርሚናል ላይ የተሞላ መቼት ግን የሚሠራው እዚያው ተርሚናል ላይ ነው፤ ሰርቨር ላይ ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሣው በክሮን ሌሊት የሚነሣው ሥራ አያውቀውም። የሚበጀው «ሂሳብ»ን ኤስአርሲ በሚባል ፎልደር ውስጥ አስገብቶ፣ ፓይፕሮጀክት ቶምል በተባለ ፋይል ጥቂት መስመሮች ጽፎ፣ ለፕሮጀክቱ በተለየ ቨርችዋል ኢንቫይሮንመንት ውስጥ በፒፕ ኢንስቶል ሰረዝ ኢ መጫን ነው። ከዚያ በኋላ በዚያው ኢንቫይሮንመንት ስክሪፕቱ ከየትም ቢነሣ «ሂሳብ» ይገኛል፤ በኮዱ ላይ የሚደረገውን ለውጥ ለማየትም እንደገና መጫን አያስፈልግም። ለአንድ ፋይል ስክሪፕት ይህ ሁሉ ይበዛል፣ አያስፈልገውምም። ያረጀ ትልቅ ፕሮጀክት የተረከበ ሰው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን መገልበጥ የለበትም፦ መጀመሪያ ብዙ ስክሪፕት የሚጠራውን ፓኬጅ ይጫን፣ ቀጥሎ የሲስ ፓዝ መስመሮቹን አንድ በአንድ ያንሣ፣ አንዱን ባነሣ ቁጥር ስክሪፕቱን ከሌላ ፎልደር ሆኖ ያስነሣው።