«ጋዝ»፣ «ይዘት»፣ «ባዶ»፣ «ጉድለት»፦ በባቡር ቦቴ የሚጫን ፈሳሽ ጋዝ መጠን የሚረጋገጥበትን ደንብ ስለ መተርጐም

ወደ ፈሳሽነት ተለውጦ በባቡር የሚጫን ጋዝ መጠኑ እንዴት እንደሚረጋገጥ የሚወስኑ ደንቦች፣ ጋዝ በሀዲድ በሚጓጓዝባቸው አገሮች በየጊዜው እየታረሙ የሚሠራባቸው ሰነዶች ናቸው። በአገራችን ለማእድ ቤት የሚውለው ጋዝ በአብዛኛው በቦቴ መኪና የሚገባ ቢሆንም፣ ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ የንግድ አገልግሎት የሚሰጥ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ስላለ፣ ይህን መሰሉ ደንብ ወደ አማርኛ መመለሱ የማይቀር ይመስለናል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ተርጓሚን የሚያሰናክሉትን ጥቂት ስያሜዎች ብቻ ነው። ሁሉም አስቸጋሪ አይደሉም፤ «ጠቅላላ ክብደት» እና «የተጣራ ክብደት» በነጋዴውም በመጋዘን ሠራተኛውም አፍ የተለመዱ ስለ ሆኑ አያከራክሩም።

አስቸጋሪው «ጋዝ» ራሱ ነው። በኡራኤልና በካዛንቺስ ሱቆች «ጋዝ ስጠኝ» ብሎ ጠርሙስ ላቀረበ ሰው ለብዙ ዘመን ይቀዳለት የነበረው ላምባ ነው፤ «ነጭ ጋዝ» የሚባለውም ይኸው ነው። ዛሬ በዚያው ሰፈር ጐልማሳው «ጋዝ አለቀብን» ሲል የብረት ሲሊንደሩን ማለቱ ነው። የፊዚክስ መምህር ደግሞ በዚሁ ቃል የቁስን አንድ ሁነት ይጠራበታል። ስለሆነም «ፈሳሽ ጋዝ» የሚለው ሐረግ ለአንዱ አንባቢ ላምባ፣ ለሌላው ቡታጋዝ፣ ለሦስተኛው የእርስ በርስ ተቃርኖ ያለበት አነጋገር ሆኖ ይሰማል። «ቡታጋዝ» ከፈረንሳይ የንግድ ስም የመጣ ሲሆን በጆሮ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ቡቴይን ብቻ ያለ ስለሚያስመስል፣ ፕሮፔይንና ቡቴይን ተለይተው እፍግታቸው በሚሰላበት ደንብ ውስጥ አይበቃም።

«ፈሳሽ የሆነ» ለማለት ግሡን ማርባትም አያዋጣም። «የፈሰሰ ጋዝ» ብንል አማርኛ ሰሚ የሚረዳው ሾልኮ የወጣ፣ የተደፋ ጋዝ ነው፤ ይህ ደግሞ በአደጋ መከላከያ አንቀጽ ውስጥ ቢገባ ምን ሊያስከትል እንደሚችል አንባብያን ይገምታሉ። እኛ የምንመርጠው በትርጓሜው አንቀጽ «በግፊት ወደ ፈሳሽነት የተለወጠ ጋዝ» ብሎ አንድ ጊዜ ሙሉውን መጻፍ፣ ከዚያ በኋላ በቦቴው ውስጥ ያለውን የታችኛውን ክፍል «ፈሳሹ»፣ ከበላዩ ያለውን «ተኑ» እያሉ መቀጠል ነው። «ጋዙ» የሚለው ቃል ብቻውን ቆሞ በደንቡ ውስጥ ባይታይ እንመርጣለን።

የተሽከርካሪው ስም ግን ከሕዝቡ አፍ ተዘጋጅቶ ይገኛል። «ፉርጎ» በአሮጌው ምድር ባቡር በኩል ከፈረንሳይኛ፣ «ቦቴ» በርሜልን ከሚጠራ የጣልያንኛ ቃል መጥተዋል፤ ሁለቱን አጋጥሞ «ቦቴ ፉርጎ» ማለት ለሹፌሩም ለጫኙም አዲስ አይሆንም። (ካዛንቺስ የተባለውም ሰፈር ስሙን ያገኘው ከአንድ የጣልያን የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ድርጅት ምሕጻረ ቃል መሆኑን ስናስብ፣ የውጭ ቃል በአማርኛ ውስጥ ምን ያህል ቤተኛ እንደሚሆን እናያለን። «ባቡር» እንኳ በዐረብኛ በኩል ያለፈ፣ ሥሩ እንፋሎት ማለት የሆነ የአውሮፓ ቃል ነው።)

ወደ ልኬቱ ስንመጣ ነገሩ ይጠብቃል። ደንቡ ሁለት መንገድ ያውቃል። አንደኛው ፉርጎውን ከመጫኑ በፊትና ከተጫነ በኋላ በሀዲድ ሚዛን መዝኖ ማቀናነስ ነው። ሁለተኛው የፈሳሹን ከፍታ ለክቶ፣ ከፍታውን በቦቴው ሠንጠረዥ ወደ ይዘት መልሶ፣ ይዘቱን በእፍግታ ማባዛት ነው። በመማሪያ መጻሕፍት «ይዘት» የተባለው በሜትር ኩብ የሚለካው ነው፤ በተራው አነጋገር ግን «የቦቴው ይዘት» ሲባል በውስጡ ያለው ነገርም፣ ሊይዝ የሚችለውም ይሆናል። የፕሮፔይን ቦቴ እስከ አፉ አይሞላም፤ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ እንዲኖረው ብዙ ደንቦች 85 በመቶ ገደማ ላይ ያቆማሉ። ስለዚህ «ይዘት» ለሁለቱም ከዋለ በ85 እና በ100 መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቃል ይሸፈናል። «ይዘት» ለፈሳሹ፣ «የመያዝ ዐቅም» ለቦቴው እንዲወሰን እናሳስባለን።

የሙቀቱ ነገር ከሁሉ ይልቃል። ንጹሕ ፕሮፔይን በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአንድ ሜትር ኩብ 500 ኪሎግራም ያህል፣ በ35 ዲግሪ 476 ኪሎግራም ያህል ነው። በጅቡቲ ሙቀት 50 ሜትር ኩብ ሆኖ የተጫነ ፈሳሽ አዲስ አበባ ሲደርስና ሲቀዘቅዝ፣ አንዲት ጠብታ ሳትጐድል ወደ 47.6 ሜትር ኩብ ይወርዳል። ደንቡ ርክክቡ በመጠነ ቁስ ይሁን የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ታዲያ ተርጓሚው «መጠን» ብሎ ካለፈ፣ ይዘት ይሁን መጠነ ቁስ አልተወሰነም ማለት ነው። «መጠነ ቁስ» የሚለው የትምህርት ቤት ቃል ለሚዛን ሠራተኛው ይከብደዋል የሚሉ አሉ፤ እኛም «ክብደት» በሠንጠረዡ አናት ላይ ቢጻፍ አንቃወምም፤ ግን በትርጓሜው አንቀጽ ሁለቱ መገናኘት አለባቸው።

«ባዶ» የሚለው ቃል ከዚህ የባሰ ያሳስታል። ፈሳሹ ተቀድቶ ያለቀበት ቦቴ ባዶ አይደለም፤ በተን ተሞልቶ ነው የሚመለሰው። ቦቴው 60 ሜትር ኩብ የሚይዝ ቢሆንና በ20 ዲግሪ ፕሮፔይን ተን ቢሞላ፣ በውስጡ የሚቀረው አንድ ቶን ያህል ነው። «ባዶ ክብደት» የብረቱን ብቻ ነው ወይስ ከነተኑ? ዕለት በዕለት ከሚዛን የሚነበበውና በቦቴው ጐን ላይ የተጻፈው ቁጥር የማይገጥሙት በዚህ ነው። ለብረቱ «የቀፎ ክብደት»፣ ከቀሪው ተን ጋር ለሚመዘነው «የመመለሻ ክብደት» ብንል ሁለቱ ይለያሉ። «ቀፎ» ውስጡ የወጣለትን ነገር ሁሉ ስለሚጠራ አንባቢው ያለ ማብራሪያ ይቀበለዋል ብለን እናምናለን።

በመጨረሻ በላኪውና በተቀባዩ ቁጥር መካከል ለሚታየው ልዩነት የሚሰጠው ስም አለ። ደንቡ መሣሪያዎቹ ሊሳሳቱ የሚችሉበትን ልክ አስቀድሞ ወስኖ፣ ከዚያ ያላለፈውን ማንም እንዳይጠየቅበት ያደርጋል። አንዳንድ ተርጓሚዎች ይህን ሁሉ «ጉድለት» ብለውታል። በእኛ አገር የመሥሪያ ቤት አማርኛ ግን «ጉድለት ተገኘበት» የተባለ ንብረት ጠባቂ ዕዳ ተቈጥሮበታል፤ ከቀድሞው ምሳሌ የ2.4 ሜትር ኩብ መጨማተር በዚህ ቃል ቢመዘገብ፣ አየሩ ስለ ቀዘቀዘ ሰው ይከሰሳል። ስለዚህ ከሚፈቀደው ልክ ያላለፈው «የልኬት ልዩነት»፣ ቱቦ ሲገጠምና ሲፈታ የሚተነው «ብክነት» ይባል፤ «ጉድለት» ልኩ ታልፎ በሁለቱ ወገኖች ፊት እንደገና ከተመዘነ በኋላ ብቻ ይጻፍ።